ሆላንድ ድረስ ሄጄ ያለቀስኩት ለቅሶ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በ2015 ዓ.ም. ለሥራ ቦረና ወርጄ ነበር። ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ቀርቶ ዱቡሉቅ በተፈናቃይ ተሞልታለች። አንድ ሽማግሌ ያለቁባቸውን ከብቶች በየስማቸው እየጠሩ ቆጠሩልኝ። አልቸኮሉም። ስሞቹ ብዙ ነበሩ።

ተመልሼ እንቅልፍ አጣሁ። ያለ ወቅቱ ሲዘንብ ሆዴ ይባባል፣ በበልግ ሲጠፋም እንደዚያው። ባለቤቴን «ለዚህ ምድር ልጅ አልወልድም» አልኩት።

በመጨረሻ ኀዘኑ ይወጣልኝ ብዬ የዓመታት ቁጠባዬን ይዤ ሆላንድ ሄድኩ። እዚያ ሲሎሳይቢን የሚባል፣ ስሜትንና እይታን የሚለውጥ ንጥረ ነገር ያለበት እንጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከልክሏል። ከአፈር ሥር የሚያፈራው ትራፍል የሚሉት ክፍሉ ግን ከእገዳው ውጭ ነው። ትራፍሉን የሚሰጡት አዘጋጆች አስቀድመው ረጅም ቅጽ ያስሞላሉ። በቤተሰብሽ የአእምሮ ሕመም አለ? የድብርት መድኃኒት ትወስጃለሽ? እባካችሁ እዚህ ላይ አትዋሹ። ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚዋዥቅበት ሕመም) ወይም ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያለያይ ሕመም) በዘሩ ያለበት ሰው ክፉኛ ሊታመም ይችላል። መድኃኒትም ያለ ሐኪም አይቋረጥም።

እንደ ኮሶ ጨክኜ ዋጥኩት። ስድስት ሰዓት ያህል ይቆያል። መጀመሪያ ፈራሁ፣ ግድግዳው ይተነፍሳል። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። ስሞቹን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ። በማግስቱ ክብ ሠርተን ስናወራ አንድ ጀርመናዊ በድርቅ ስለደረቀው የሰፈሩ ጫካ አነባ። ቋንቋችን አይገናኝም፣ ኀዘናችን ግን አንድ ነበር።

አገሬ ስገባ ሁለት ሳምንት ቀለል አለኝ። በሦስተኛው ተመለሰብኝ። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው፤ ስመለስ የሚሰማኝ ሰው አላዘጋጀሁም። የት እንደሄድኩ እንኳ ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ጉዞው እንባውን አወጣልኝ፣ ማስተዛዘኑን ግን ሆላንድ ላይ አላገኘሁትም። ደግሞ ያ ገንዘብ ስንት ላም እንደሚገዛ ሳስብ አሁንም ያመኛል።

አንድ ቀን ቡና ላይ ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘረገፍኩላቸው። ትራፍሉንም፣ ከብቶቹንም። አልገሠጹኝም። ዝም ብለው ሰምተው «ታዲያ ልጄ፣ እኒያን ሰውዬ ማን ለቅሶ ደረሳቸው?» አሉኝ።

ማንም። እኔም ያኔ ማስታወሻዬን ብቻ ይዤ ነው ከፊታቸው የተነሳሁት።

ከቡና ማኅበራችን ጥቂት ብር አዋጣንና በማውቀው አስተርጓሚ በኩል ደወልኩ። ሽማግሌው አስታወሱኝ። ዘንድሮ አንዲት ጊደር አላቸው። ስሟን ጠየቅኳቸው።