ያልተቆረጠው ጀሪካን

የጎንደሩን የአመጋገብ ፕሮጀክት ሰነድ ካረቀቁት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ «ነዋሪው ከዕቅድ እስከ ግምገማ የሥራው ባለቤት ይሆናል» የምትለዋንም ዓረፍተ ነገር ያስገባሁት በገዛ እጄ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ የተፈረመውን የከተሞች የምግብ ፖሊሲ ስምምነት ጠቅሼ፣ አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን፣ የነዋሪው የመወሰን ድርሻ ከታች ወደ ላይ የሚያድግበትን ባለ ስምንት እርከን የተሳትፎ መሰላል በሥዕል አስደግፌ፣ የእኛን ሥራ ስድስተኛው እርከን ላይ፣ ማለትም «አጋርነት» የሚለው ላይ አስቀመጥሁት። ማን ከልካይ ነበረኝ?

የመጀመሪያውን የነዋሪዎች ስብሰባ የጠራነው ከጃን ተከል ዋርካ ብዙ በማይርቅ አዳራሽ ነበር። የመጡት ባብዛኛው የጉሊት ነጋዴዎች፣ ጥቂት የእድር ዳኞችና ሁለት መምህራን ናቸው። ግድግዳው ላይ አራት ትልልቅ ወረቀቶች ሰቅያለሁ፦ የጓሮ አትክልት፣ የትምህርት ቤት ጓሮ፣ የአመጋገብ ትምህርት፣ የአበሳሰል ሠርቶ ማሳያ። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ሦስት ሦስት አረንጓዴ ተለጣፊ ታድሏል፤ ያመነበት ላይ ይለጥፋል። አራቱም አማራጮች አስቀድሞ በጀት የተያዘላቸው መሆኑን ለተሰብሳቢው መንገር አስፈላጊ ሆኖ አልታየኝም። አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ሊመገብ እንደሚገባው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውን አስረዳሁና፣ ወደምኮራበት ክፍል አለፍሁ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ጎኑን በቢላዋ ቀድጄ፣ አፈር ሞልቼ፣ ጎመን ተከልሁበትና ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት፣ በኋላ እንደተረዳሁት ቆስጣና ቲማቲም የሚሸጡ፣ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይህን ጎመን በምን ልናጠጣው ነው?»

«ብዙ ውኃ አይፈልግም እማማ፤ አትክልት የታጠበበት ይበቃዋል።»

«የታጠበበትማ ሥራ አለው። ወለል ይታጠብበታል፣ የቀረው ሽንት ቤት ይደፋል። ለጎመኑ ምን ተርፎ?» ካሉ በኋላ ጀሪካኑን ትክ ብለው አዩት። «ውኃው በፈረቃ ነው። ተራው ሲደርስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጀሪካን ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል። አንተ ደግሞ ደኅናውን ጀሪካን ቀደህ አፈር ትሞላበታለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም የአወያይ ሳቅ ሳቅሁ፤ ይህን ሳቅ የሥራ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ከዚያም «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» ብዬ፣ ከበሩ አጠገብ በተሰቀለው አምስተኛ ወረቀት ላይ «ውኃ» ብዬ ጻፍሁ። በእኛ ሙያ ከርዕስ የወጣ ሐሳብ የሚቆይበት እንዲህ ያለ ወረቀት አለ፤ እዚያ ከተጻፈ በኋላ ተመልሶ የተነሣ ጉዳይ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሴትዮዋ ገና አልጨረሱም ነበር። «በልጅነቴ የጤና ኮሌጁ ልጆች ቤታችን ሲመጡ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ውኃ ከየት እንደምንቀዳ ነበር» አሉ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ስለተመሠረተው፣ ተማሪዎቹን በቡድን እያደራጀ ወደ ኅብረተሰቡ ይልክ ስለነበረው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው የሚናገሩት። እኔም በዚያው ኮሌጅ ወራሽ ዩኒቨርሲቲ ስለተማርሁ፣ ነገሩ ለእኔ የተነገረ ያህል ተሰማኝ።

ድምፅ መስጠት ሲጀመር ተነሥተው አራቱን ወረቀቶች አልፈው ሄዱና ሦስቱንም ተለጣፊ «ውኃ» ላይ ለጠፉ። ከኋላቸው የነበሩትም ተከተሏቸው። ስብሰባው ሲያበቃ የበሩ ወረቀት እንደ ክረምት መስክ ለምልሞ፣ የእኔ አራቱ ግን እዚህም እዚያም ብቻ ነጠብጠብ ብለው ነበር።

አስተባባሪያችን ወረቀቶቹን አይቶ «ውኃ የእኛ ዘርፍ አይደለም፤ አማራጮቹ ላይ ያለውን ብቻ ቁጠር» አለኝ። ቆጠርሁ። «በቀረቡት አማራጮች ላይ ከተሰጡት ድምፆች አብዛኞቹ የጓሮ አትክልትን መርጠዋል» ብዬም ጻፍሁ። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት ሐሰት የለችም፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው። በአርንስታይን መሰላል ሁለተኛው እርከን «ሕክምና» ይባላል፤ ነዋሪውን ሐሳቡ እንደሚሰማ ሰው ሳይሆን መታከም እንዳለበት ሰው ማየት ነው። ያን ማታ ሰነዱን ገልጬ ስድስተኛውን እርከን ለረጅም ጊዜ አየሁት፤ ግን አላረምሁትም።

ከሁለት ወር በኋላ 50 ጀሪካን ለማደል ወጣን። ጀሪካን የሚቀድልን ልጅ አሥራ ሁለቱን ቀዶ እንደጨረሰ ሴትዮዋ ሰልፉ ውስጥ ቆመው አየኋቸው። ተራቸው ሲደርስ «የእኔን ሳትቀዱ ስጡኝ» አሉ። ግራ ቀኝ አየሁና ሰጠኋቸው። ከእሳቸው በኋላ የተቀደደ የወሰደ አንድም ሰው አልነበረም። ዘገባው ላይ «50 የአትክልት ማብቀያ ዕቃ ተሰራጭቷል» የሚል ሰፈረ፤ የጻፍሁትም እኔው ነኝ። ከተቀደዱት ሁለቱን ቤቴ ወስጄ ቆስጣ ዘራሁባቸው፤ ውኃ በጠፋበት ሳምንት ደርቆ ቀረ።

የግምገማ ቡድኑ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ቤታቸውን እንድናሳይ ከተመረጡት አንዷ እኚሁ ሴትዮ ሆኑ። ልቤ እየመታ ገባሁ። ደጃፉ ላይ ጀሪካኑ እስከ አፉ ውኃ ሞልቶ ቆሟል፤ ከጎኑ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት ሰፋፊ ቅጠል ያላት ቆስጣ በቅላለች። «ይህችን የማጠጣት በእናንተ ጀሪካን ነው» አሉ፣ እኔን እያዩ። ገምጋሚው በደስታ ጻፈ፣ ፎቶ አነሣ፤ ፎቶውም የዓመቱ ዘገባ ሽፋን ላይ ወጣ። ጀሪካኑ ከፎቶው ተቆርጦ ቀርቷል።