የኤምጂቢ ክሩስኮት መብራት ሲፈዝ፦ ከአምፖሉ በፊት ማሳውን

ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር አቢንግደን ውስጥ የተሠራች ስፖርት መኪና ናት። የክሩስኮቷ መብራት ሲፈዝ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚገዛው አምፖል ነው። አዲሱ አምፖል ይገባል፣ ጌጁ ግን እንደ ድሮው ደብዝዞ ይቀራል። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው አምፖሉ ላይ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ በሚመጣበትና በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው፤ ዝገት የያዘው ማገናኛ፣ የላላ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ግንኙነት)፣ ሽቦው ያረጀ ማደብዘዣ (የጌጆቹን ብርሃን የሚጨምረውና የሚቀንሰው ማዞሪያ)።

ሒሳቡን አንዴ ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል። የጌጁ አምፖል 12 ቮልት፣ 2.2 ዋት ሲሆን የሚጠመዘዝ ኢ10 ጥርስ አለው። ስድስቱ አብረው ሲበሩ ወደ 1.1 አምፒር ይስባሉ። መንገዱ ላይ 1 ኦም ብቻ ዝገት ካለ 1.1 ቮልት እዚያው ይቀራል ማለት ነው። የክር አምፖል ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወርደው። 12 ቮልት የሚፈልገው አምፖል 10 ቮልት ሲደርሰው ብርሃኑ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

የመጀመሪያው ምሽት፦ ልኬት ብቻ

ገና ምንም አይፈታ። ቴስተር ያዙ፣ መብራቱን አብሩ። ከመብራት ማብሪያው እስከ ማደብዘዣው የሚመጣው ሽቦ በቀድሞዎቹ መኪኖች ቀይ ነው፤ ከማደብዘዣው ወደ አምፖሎቹ የሚሄደው ቀይ ባለ ነጭ መስመር፤ ማሳው ጥቁር። ይህ የእንግሊዝ መኪኖችን የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሠራ የነበረው የሉካስ ኩባንያ የቀለም አሰጣጥ ስለሆነ ሽቦው በሌላ ሰው ካልተነካካ ሊታመን ይችላል።

ማደብዘዣው ላይ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች በአጭር ሽቦ አገናኟቸው። ጌጆቹ ቦግ ካሉ ጥፋቱ ተገኘ። ውስጡ የተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ ይዝጋል፣ ላዩ ላይ የሚሄደው ምላስም ንክኪ ያጣል። የኮንታክት ማጽጃ ረጭቶ ማዞሪያውን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማዞር ብዙውን ጊዜ ያድነዋል። ካልዳነ ሁለቱን ሽቦ በቋሚነት ማገናኘት ነው። በእነዚህ ጌጆች ላይ ብርሃን በዛብኝ የሚል አሽከርካሪ ስለሌለ የሚጎድል ነገር የለም።

ቀጥሎ ማሳው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የጌጁ ቆርቆሮ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ላይ ማሳ የታሰረበት ራስ ላይ አድርጉ። መብራቱ እየበራ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ደካማ ነው። ፍሬቻ ስታበሩ የጌጆቹ ብርሃን አብሮ ብልጭ ድርግም ካለም ጥርጣሬው ወደዚያው ነው፤ አንዱ መብራት መመለሻ ሲያጣ በሌላው በኩል ይሄዳል።

እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት መኪኖች ማሳቸው ፖዚቲቭ ነው፤ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዚቲቭ ራስ ነው ማለት ነው። ለቴስተሩ ለውጥ የለውም፣ የመቀነስ ምልክት ያሳያል እንጂ። ኤልኢዲ ለሚያስገባ ግን ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ቀን፦ መፍታት

ባትሪው ይነቀል። እስከ 1974 ድረስ ያሉት ሁለት ባለ6 ቮልት ባትሪ ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከወለሉ ሥር አላቸው፤ የማሳውን ገመድ መፍታት በቂ ነው።

ጌጆቹ የሚፈቱት ከክሩስኮቱ ሥር እጅ አስገብቶ ነው። የዩ ቅርጽ ያለውን መያዣ ሁለት በእጅ የሚፈቱ ዳዶዎች ይዘውታል፤ የግድ ካልሆነ ፒንሳ ባይነካቸው ይሻላል፣ ጥርሳቸው ይበላል። የፍጥነት ቆጣሪው ገመድና የጉዞ መቁጠሪያው ዜሮ ማድረጊያም በተመሳሳይ በእጅ ይፈታሉ። አምፖል መያዣዎቹ ቀጥታ ሲሳቡ ይወጣሉ፤ ሽቦውን ሳይሆን መያዣውን ይዛችሁ ሳቡ።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የዘይት ግፊት ጌጅ ላይ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ሽቦ ሳይሆን ዘይት የሚያመጣ ቀጭን ቱቦ ነው ያለው፤ ከታጠፈ ይሰነጠቃል። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የውሃ ሙቀት ጌጁም ቀጭን ቱቦ አለው። እሱ ከተበጠሰ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይወጣና ጌጁ ቤት ውስጥ አይጠገንም። የሞተር ዙር ቆጣሪው ደግሞ በብዙዎቹ ሞዴሎች ወደ ቦቢና (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ዕቃ) የሚሄደውን ነጭ ሽቦ በራሱ ውስጥ ያሳልፋል። ነጩ ሽቦ በደንብ ሳይገናኝ ከቀረ ሞተሩ አይነሳም፤ ብዙ ሰው ከመብራት ጥገና በኋላ ካርቡሬተር የሚፈታው ለዚህ ነው።

አሁን ጽዳቱ። አንድ መያዣ በባትሪ መብራት ሥር ቢታይ ነገሩ ወዲያው ይገባል፦ ታች ያለው ምላስ ጠፍጥፎ ወርዷል፣ ላዩ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አለ፣ የአምፖሉ ቂጥ ላይ ያለው ስታኞም (የመበየጃ ቆርቆሮ) ተበልቶ ጎድጉዷል። በጣም ለስላሳ በሆነ ካርታቤትራ (የብርጭቆ ወረቀት) ነጭ ብረት እስኪታይ ማሸት፣ ምላሱን በትንሽ ካቻቢቴ ወደ ላይ ቀና ማድረግ፣ አምፖሉ ቂጥ ላይ ጠብታ ስታኞ መጨመር። ጥቁሩ ሽቦ የሚያርፍበት የጌጁ ጀርባም እንዲሁ ይታሻል።

የጌጁ ቀለበት ትንሽ ሲዞር ጥርሶቹ ከክፍተቱ ጋር ይገጥሙና ይወጣል። ጎማው ተጣብቆ ከሆነ በሁለት እጅ እኩል ተጭኖ ማዞር እንጂ በካቻቢቴ መፈልቀቅ አይገባም። የውስጡ ነጭ ቀለም ቢጫ ከሆነ ብርሃን ይውጣል። መርፌውንና ፊቱን ሸፍኖ የማያብለጨልጭ ነጭ ቀለም መቀባት የሚያመጣው ለውጥ ከአዲስ አምፖል ይበልጣል።

5 ዋት አምፖል አታስገቡ። ሙቀቱ አረንጓዴውን ማጣሪያ ያቀልጠዋል፣ ማደብዘዣውንም ያቃጥላል።

ኤልኢዲን በተመለከተ፦ ማሳው ፖዚቲቭ የሆነ መኪና በሁለቱም አቅጣጫ የሚበራ ዓይነት ያስፈልገዋል። ባትሪው ቻርጅ የሚደረገው በአልተርኔተር ከሆነ ክሩስኮቱ ላይ ያለውን የቻርጅ ማስጠንቀቂያ መብራት በፍጹም ወደ ኤልኢዲ አትቀይሩ። አልተርኔተሩ ሲነሳ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ በዚያ አምፖል በኩል ነው የሚያልፈው፤ ኤልኢዲ በጣም ጥቂት ስለሚያሳልፍ ቻርጅ ሳይጀምር ሊቀር ይችላል።

መግጠም

ሁለት ፊውዝ ብቻ ያላቸው የቀድሞዎቹ መኪኖች መብራታቸው ምንም ፊውዝ የለውም። ከክሩስኮቱ ጀርባ አንድ ሽቦ ማሳ ቢነካ የሚቃጠለው ፊውዝ ሳይሆን ሽቦው ራሱ ነው። ስለዚህ ጌጆቹ ከመመለሳቸው በፊት ወደ ማደብዘዣው በሚመጣው ቀይ ሽቦ ላይ ባለ 3 አምፒር ፊውዝ ከነቤቱ አስገቡ። ለ1.1 አምፒር ከበቂ በላይ ነው።

የፍጥነት ቆጣሪውን ገመድ በመጨረሻ እሰሩ፣ ሳይታጠፍ ሰፊ ኩርባ ይዞ እንዲሄድ። ባትሪው ከመታሰሩ በፊት የዙር ቆጣሪውን ነጭ ሽቦ ሳብ አድርጋችሁ መያዙን እዩ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ማታ፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት እየበሩ፣ የአምፖሉን ቮልት እንደገና ለኩ። ማደብዘዣው ከታለፈ ከባትሪው ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ የቀረው ቦታ ከመብራት ማብሪያው ጀርባ ያለው ማገናኛ ነው።