የስድስት ዓመት ሥራ ስንት ክሬዲት ነው?

ስድስት ዓመት በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሠራ ባለሙያ ማስተርስ ሲያስብ ቀድሞ የሚጠይቀው «ልምዴ ይያዝልኛል ወይ?» ብሎ ነው። ዓመቱ አይያዝም። በዓመቱ ውስጥ የተገኘው ዕውቀት ግን ከተረጋገጠ የሚይዙት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና የተፈተነ ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ አሥር ዓመት ግንብ የሠራ ግንበኛ ለምዘና ሲቀርብ መዛኙ አሥሩን ዓመት አይቆጥርለትም፤ ቱንቢ ጥሎ ግንቡ ቀጥ ማለቱን ነው የሚያየው። የማስተርሱም ክሬዲት እንዲሁ ነው፣ ቱንቢው የኮርሱ ዝርዝር መግለጫ ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ፍቼ ያለው ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያስብ ሰው አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት፤ የሥራ ልምድ ፈተናውን አይተካም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ ግን የወሰዳቸው የማስተርስ ኮርሶች እንዲያዙለት ትራንስክሪፕትና የኮርስ አውትላይን (የኮርሱን ዝርዝር መግለጫ) ይዞ ዲፓርትመንቱን ይጠይቅ። አውትላይኑ ከሌለ የኮርሱ ስም መመሳሰል ብቻውን አያሳምንም።

ከልምድ የሚመጣው ክሬዲት በሰፊው የሚሠራው ውጭ አገር ነው፣ ስሙም እንደ አገሩ ይለያያል። እንግሊዝ አገር ማስተርስ 180 ክሬዲት ሲሆን አንዱ ክሬዲት 10 የትምህርት ሰዓት ነው። ባለ 20 ክሬዲት ኮርስ ይያዝልኝ ማለት የ200 ሰዓት ዕውቀት አለኝ ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ 60 ክሬዲት ይይዛል፤ እሱን በልምድ ማስቀረት አይጠበቅም። አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ በአብዛኛው ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ነው። እዚያ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እጃቸው ጠበቅ ይላል፦ ብዙዎቹ ሌላ ቦታ የተወሰደ ኮርስ እንጂ የሥራ ልምድ አይቀበሉም፣ የሚቀበሉትም ጥቂት ኮርስ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ ግን ሙሉ ዲግሪ እንኳ በልምድ ግምገማ፣ ዳኞች ፊት ቀርቦ ማግኘት ይቻላል። አዲስ አበባ፣ አቃቂ ማዕከል ያለው የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳም «አርፒኤል» (ቀድሞ ለተገኘ ዕውቀት ዕውቅና መስጠት) በሚለው ስም ይሠራበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥርታችሁ ጠይቁ፦ ልምዱ የሚያገለግለው ለመግቢያ ነው ወይስ ለክሬዲት? ለመግቢያ ተቀባይነት ያገኘ ሰው አንድም ኮርስ ላይቀነስለት ይችላል።

ዋናው ሥራ ፖርትፎሊዮው፣ ማለትም ዕውቀታችሁን ከነማስረጃው የምታቀርቡበት ጽሑፍ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው። ደካማው አጻጻፍ እንዲህ ይላል፦ «ለ6 ዓመት በሞረትና ጅሩ የሰብል ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አርሶ አደሮችን ከማሳ ውኃ በማጠንፈፍ ላይ አሠልጥኛለሁ።» እውነት ነው፣ ግን ገምጋሚው የሚመዝነው ዕውቀት አላገኘበትም። ኮርሱ «ተማሪው የአፈርን ባሕርይ ከውኃ አያያዝ ጋር አገናኝቶ ይተነትናል» የሚል ከሆነ ጽሑፉ ይህንኑ ማሳየት አለበት። ለምሳሌ መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በክረምት ውኃው ስለማይሰርግ ሥሩ አየር ያጣል፣ ናይትሮጅን ይባክናል፣ ስንዴው ቢጫ ይሆናል። አርሶ አደሩ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ ዘግይቶ የሚዘራው ለዚህ ነው። በሞረትና ጅሩዋ ከተማ በእነዋሪ ዙሪያ ውኃው በቦይ እንዲወርድ ከፍ ያለ የአፈር መደብ በእጅ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው፤ በሬ የሚጎትተው መሣሪያ ደግሞ 80 ሳንቲሜትር መደብና 40 ሳንቲሜትር ቦይ ያወጣል። ከዚህ በኋላ የራሳችሁ ፍርድ ይምጣ፦ የትኛው ማሳ ላይ ውኃው ቦዩ ውስጥ ተኛ? መውጫው ከጎረቤት ማሳ ጋር ሲገናኝ ምን ተደረገ? ቦዩ ወደ ቁልቁለቱ በቀጥታ ሲወርድ አፈሩን ሸረሸረው ወይ? የማስተርስ ደረጃ የሚባለው ያልሠራውን ነገር ምክንያት አግኝቶ ማስተካከሉ ነው። በየዓመቱ የተደጋገመ ተመሳሳይ ሥልጠና እንደ አንድ ዓመት ዕውቀት ነው የሚቆጠረው።

ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ይኑር፦ የማሳው ንድፍ፣ የዝናብ መለኪያ መዝገብ፣ ከተጠነፈፈውና ካልተጠነፈፈው ማሳ የተመዘነ ምርት፣ ራሳችሁ የጻፋችሁት ሪፖርት። ሪፖርቱ የቡድን ሥራ ከሆነ የእናንተ ድርሻ የትኛው እንደሆነ የቅርብ ኃላፊያችሁ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ከሥልጠናው አዳራሽ ቢነሳም ምንም አያስረዳም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው ሌላው ጣጣ ነው። የተለመደው ደብዳቤ የሥራ መደብ፣ ደመወዝና ዘመን ጽፎ፣ ክብ ማህተም ተመትቶበት ያልቃል። ለክሬዲት የሚያስፈልገው ግን የሥራ ዝርዝር ነው፤ እንዲጨመር ስትጠይቁ ዝርዝሩን አዘጋጅታችሁ ሂዱ፣ የሰው ሀብት ክፍሉን ሥራ ያቃልላል።

ከሁሉ በላይ ዘመኑን ተመልከቱ። ደብዳቤው «ከመስከረም 2010 እስከ ሰኔ 2015» ይላል፣ ትራንስክሪፕቱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 ተመረቀ ይላል። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ካሰፈረው ገምጋሚው የሚያየው ከመመረቁ ሰባት ዓመት በፊት ባለሙያ የሆነ፣ ከተመረቀ በኋላ ያልሠራ ሰው ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የቆየ ልምድ ስለማይቀበሉ ማመልከቻው እዚያው ይወድቃል። መስከረም 1 ቀን 2010 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2017 ነው፤ ትርጉሙ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፍ። ስማችሁም በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በደብዳቤው አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው።

ጥያቄውን ከምዝገባ በፊት አቅርቡ፤ ኮርሱን ከጀመሩ በኋላ መጠየቅን አብዛኞቹ አይፈቅዱም። የግምገማ ክፍያ ካለ ውድቅ ቢደረግም እንደማይመለስ ቁጠሩት። ስኮላርሺፕ ወይም የተማሪ ቪዛ ያለው ደግሞ ይጠንቀቅ፦ ሁለት ኮርስ ሲቀነስለት በሴሚስተሩ የሚወስደው ከሙሉ ጊዜ ተማሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ስፖንሰሩን ቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ። የተፈቀደው ክሬዲት ትራንስክሪፕቱ ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ውጤት ስለሚገባ አማካይ ውጤታችሁን ከፍ አያደርግም። የውጭ ዲግሪ አገር ቤት ሲገባ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የትኛው ኮርስ በምን ማስረጃ እንደተያዘ የሚገልጸውን የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ።