በየበሩ መቃን ላይ ያለው መዙዛ

ዛሬ እዚህ እስራኤል የአንድ የአይሁድ ትምህርት ቤት አዲስ ሕንፃ ተመረቀ። ንግግሩም መዝሙሩም ደስ ይላል፤ ለእኔ ግን የምረቃው ልብ መዙዛው ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል የተጻፈበት ብራና በመያዣ ሆኖ በበሩ መቃን ላይ የሚሰቀለው።

ሰው ቶሎ የሚያየው መያዣውን ነው። ዋናው ግን ውስጡ ያለው ብራና ነው፦ በእጅ የተጻፈ፣ 22 መስመር፣ 713 ፊደል፣ ከዘዳግም ምዕራፍ 6 እና 11። አንዱ ፊደል ሌላውን ከነካ ብራናው አያገለግልም። የተዘለለ ፊደልም ኋላ ተመልሶ አይሞላም፤ ፊደላቱ በተራቸው መጻፍ አለባቸውና። ስለዚህ ገንዘቡ ለሚያምር መያዣ ሳይሆን ለጥሩ ጸሐፊ ይውጣ።

ብራናው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም። ቦታው ሲገባ በስተቀኝ ባለው መቃን፣ የላይኛው ሲሶ በሚጀምርበት ላይ ነው፤ በሩ 210 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከወለሉ 140 ላይ ማለት ነው። ሕፃናቱ ሊነኩት ቢሹ አይደርሱበትም፤ ለእነሱ ተብሎ ግን ዝቅ አይልም። ዱካ ይቀመጥላቸው፣ ወይ መምህሯ ታንሣቸው። አሽከናዚም (የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ ዝርያ አይሁድ) የላይኛውን ጫፍ ወደ ክፍሉ ዘንበል ያደርጉታል፣ ብዙ ሰፋርዲም (የስፔንና የፖርቱጋል ዝርያ አይሁድ) ቀጥ ያደርጉታል። መጸዳጃ ቤት ላይ አይደረግም። በሩ ብዙ ቢሆንም ቡራኬው አንዴ ነው፤ ተሰቅሎ እስኪያልቅ ወሬ አይገባም።

የሚያሳስበኝ ማጣበቂያው ነው። ሙቀት ሲያገኘው ይለቅና መያዣው ይወድቃል፤ ከላይና ከታች በብሎን ይታሰር፣ ብሎኑ ብራናውን እንዳይነካ። ለሕዝብ ቦታ የአይሁድ ሃይማኖት ሕግ የሚጠይቀው የብራናው ምርመራ በ50 ዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ፀሐይና ዝናብ የሚመታው የግቢው በር መዙዛ ግን ያን ያህል አይጠብቅም፤ የጽሑፉ ቀለም ይሰነጠቃል፣ ቶሎ ቶሎ ይታይ።