ውራጅ

ዛሬ ልጄ ክርስትና ተነሣች። 80 ቀኗ ነው። ቤቱ ገና አሁን ጸጥ አለ። ሳልተኛ ይህን ልጻፍ።

የለበሰችው ነጭ ልብስ የወንድሟ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት እሱ በ40 ቀኑ የተጠመቀበት። እናቴ አጥባ፣ የተተረተረውን ጠርዝ ሰፍታ፣ ተኩሳ አስቀምጣው ነበር። ትናንት ማታ ታናሽ እህቴ አየችውና ሳቀች። "ለሴት ልጅ ውራጅ?" አለችኝ። ከዚያ ቃሉ የሆነ ነገር አስታወሳት። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ ጥቅስ ከአፏ አይጠፋም። "አሮጌና ውራጅ የሆነውም ሊጠፋ ቀርቦአል" አለች። ዕብራውያን ምዕራፍ 8። ነገሯ ስለ ልብሱ እንዳልሆነ ገባኝ። ስለ ሰማንያው ቀን ነበር።

"አዲስ ኪዳን ከመጣ ለምን እስካሁን በዘሌዋውያን ትቆጥራላችሁ?"

የዶሮውን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። እንባዬ የወረደው በጥያቄዋ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። መልስ ግን አልነበረኝም።

ቁጥሩ እርግጥ የዘሌዋውያን 12 ነው። የመንጻት ቀኑ ወንድ ለወለደች 7 እና 33፣ ሴት ለወለደች 14 እና 66። በወንዱ ልጄ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሳልገባ 40 ቀን ቆየሁ፤ ዘንድሮ እጥፉን። ክረምቱን ሙሉ ጃንጥላ ይዤ እየሄድኩ የቅጽሩ በር ላይ ተሳልሜ ተመለስኩ። የንስሐ አባቴን "አባ፣ ለምን እጥፍ ሆነ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። መጽሐፈ ኩፋሌን ጠቀሱልኝ። አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። "ልጅሽ በሔዋን ቀን ወደ ገነት ትመለሳለች" አሉኝ። ደስ ይላል። "ርኩስ" ከመባል ገነት ይሻለኛል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ጫማዬ ውኃ ገብቶበት በር ላይ ስቆም ኩፋሌ አላጽናናኝም።

ያጽናናችኝ እመቤታችን ናት። ሉቃስ 2 ላይ፣ የመንጻት ቀናቸው ሲፈጸም ሕፃኑን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ ይላል። የያዙት መሥዋዕት ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ነው። ዘሌዋውያን ጠቦት መግዛት ለማትችል ድኻ የፈቀደው። የአዲሱ ኪዳን ባለቤት እቅፏ ውስጥ ተኝቶ፣ እሷ የአሮጌውን ቀን ትቆጥር ነበር።

ይህን ለእህቴ ስነግራት አልተበገረችም። "ሕጉን ሊፈጽም ነዋ! ከፈጸመው ደግሞ አለቀ" አለች። ማቴዎስ 5ን ማለቷ ነው። ሁሌም የምንጣላው "ፈጸመ" ላይ ነው። ለእሷ ጨረሰ ነው፤ ለእኔ ሞላ። አማርኛው ሁለታችንንም አያሳፍርም። ግን ፍርድ ላዛባባት አልፈልግም፤ እሷም ብሉይን ቀደህ ጣል አትልም። እንደዚያ ያለው ማርቅዮን ነበር፤ የመርከብ ባለሀብት፣ የሮም ክርስቲያኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ144 ገደማ ከነገንዘቡ ያሰናበቱት። እህቴ እንዲያውም መዝሙረ ዳዊትን ከእኔ በላይ በቃሏ ታውቃለች።

ኤርምያስ 31ን አነበበችልኝ። "ሕጌን በልቡናቸው አኖራለሁ።" እዚህ ላይ ያዝኳት። "ሕጌን ነው ያለው፤ ሌላ ሕግ አላለም። የሚጻፍበት ቦታ ነው የተለወጠው፤ ከድንጋይ ወደ ልብ" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ወጣች። ከአባቶቻቸው ጋር እንደገባሁት ያለ አይደለም ይላል። ይህን መካድ አልችልም። ነጥቡ የእሷ ነው።

ሁለታችንም የዘለልነው ነገር ግን አለ። ኪዳኑ የሚገባው "ከእስራኤል ቤትና ከይሁዳ ቤት ጋር" ነው። እኔና እሷ በጳውሎስ አነጋገር በሰው ግንድ ላይ የተጣበቅን የበረሃ ወይራ ነን። ሰው ቤት በእንግድነት ገብተን ስለ ዕቃው እንከራከራለን።

ሌሊት ሳጠባት ሌላ ነገር መጣብኝ። ልጄ በ8 ቀኑ ተገርዟል። ያኔ "ለምን?" ያለኝ ሰው የለም። ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን "እንደ አይሁድ ትኖራላችሁ" ብለው ሲከሱን፣ አፄ ገላውዴዎስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1555 በጻፉት የእምነት ምስክርነት ግዝረታችን የአገር ልማድ ነው ብለው መልሰዋል፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣ፣ በሕንድ ጆሮ እንደሚበሳ። ብልህ መልስ ነው። ዘፍጥረት 17 ላይ ግን ግዝረት የኪዳኑ ምልክት እንጂ ልማድ አይደለም። ምልክቱም ለወንድ ብቻ ነው። (ሴት ትገረዝ የሚል አንድም ቁጥር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ይህን በእኛ አገር ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።) ሣራ፣ ርብቃ፣ ሐና ኪዳኑ ውስጥ ነበሩ። ሰውነታቸው ላይ ግን ምንም የለም። ቆላስይስ 2 በሰው እጅ ያልተደረገ መገረዝ ይልና ወዲያው ወደ ጥምቀት ያልፋል። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሴት ልጅ ታቅፌ ግን አስቤው አላውቅም።

ጠዋት የክርስትና እናቷ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ካደችላት፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ አመነችላት። ውኃው ውስጥ ሦስት ጊዜ ገባች። ስትጮህ ውጭ ድረስ ተሰማ። ሜሮኑን ተቀባች፤ ማዕተቡ ታሰረላት፤ ቆረበች። ለወንድሟ ተደርጎ ለእሷ የቀረባት ነገር የለም። የአርባና የሰማንያው ልዩነት የማጥመቂያው አፍ ላይ ቀረ። እኔ የቆጠርኩት ደጁ ድረስ ያለውን ነበር። ለእህቴ ይህን ልነግራት ፈለግኩ፤ እሷ ግን የእናቴን ነጠላ ተከናንባ ዓይኗን እየጠረገች ነበርና ተውኩት።

ቤት ስንገባ ልጄ የእህቱን ልብስ አየ። "የኔ ነው!" ብሎ ጠርዙን ያዘ። ምን ይባላል? እውነቱን ነው። አባብለነው፣ ተቆጥተነው፣ አልሆነም። እናቴ ከድፎው ቆርሳ አስያዘችው። በአንድ እጁ ዳቦውን እየበላ፣ በሌላው ልብሱን ይዞ አጠገቧ ቁጭ አለ።