የ0.1 ነገር

ማውስ የሚከተል ክብ። ክሪኤቲቭ ኮዲንግ (በኮድ ሥዕል፣ እንቅስቃሴና ድምፅ መሥራት) የሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ አካባቢ የሚሞክራት ነገር ናት። ክቡ ማውሱ ባለበት ይሳላል፣ ማውሱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ አለቀ። እኔም ሞከርኳት። በትክክል ሠራች፣ ግን ምንም ስሜት አልሰጠችኝም።

ከዚያ አንድ ቁጥር ጨመርኩ። ክቡ በየፍሬሙ (ምስሉ እንደ አዲስ በተሳለ ቁጥር) ማውሱ ላይ ዘሎ ጉብ ከሚል፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በ0.1 አባዝቶ ያቺን ያህል ብቻ ጠጋ ይላል። ሌላ የነካሁት ነገር የለም። ክቡ ግን ነፍስ ዘራ። ሲርቅ ይሮጣል፣ ሲቀርብ ይለዝባል፣ ማውሱን ድንገት ሳቆመው ቀስ ብሎ መጥቶ ያርፋል። 0.05 ሳደርገው ከባድ ሆነ። 0.3 ላይ ቀልጣፋ፣ ትንሽም ቁጡ መሰለኝ። 0.02 ላይ ውሃ ውስጥ የሚሄድ ነገር ሆነ። ስለ ክብደትም ስለ ውሃም አንድ መስመር አልጻፍኩም እኮ! ያን ሌሊት አንዲት ቁጥር ስነካካ ነው ያነጋሁት፤ እስከ ዛሬም ስለ ዲዛይን የማስበው ሁሉ ከዚያች ቁጥር ብዙም አልራቀም።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ሲወጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቁጥሩን ከነካሁ በኋላ ለውጡን እስካይ ስንት ጊዜ ያልፋል? ደቂቃ ከሆነ ሁለት ሦስቴ ሞክሬ "ይበቃል" እላለሁ። ወዲያው ከሆነ ግን ሃምሳ ጊዜ እሞክራለሁ፣ ጥሩዋ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትገኘው አርባኛው ሙከራ አካባቢ ነው።

ይህ ነገር ቀድሞ የገባቸው ሰዎች አሉ። ኬሲ ሪስ እና ቤን ፍራይ በ2001 ኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ውስጥ ፕሮሰሲንግ የተባለውን በኮድ ሥዕል መሥሪያ ሲጀምሩ፣ በእሱ የሚጻፈውን ፕሮግራም ስኬች (ንድፍ) ነው ያሉት። ሠዓሊ ደብተሩ ላይ ጫር ጫር አድርጎ እንደሚያየው ሁሉ፣ ኮድም ቶሎ ተጽፎ ቶሎ የሚታይ፣ ካልጣመ የሚጣል እንዲሆን። ሎረን ሊ ማካርቲ በ2013 ፒ5 ጄኤስ የተባለውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ስትጀምር ይኸው ሐሳብ ብራውዘር ውስጥ ገባ። ምንም መጫን የለም። ሊንኩን የላካችሁለት ሰው ይከፍተዋል፣ ኮዱን ያያል፣ ቁጥሩን ይቀይራል። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ነገሮች ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ አሁንም ይሄ ነው።

አንዴ ያቺን 0.1 ያለ ምንም ላይብረሪ በተራ ጃቫስክሪፕት ጻፍኳትና የጓደኛዬ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ከፈትኳት። ክቡ እንዳበደ ይሮጣል። ለካ የእኔ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ የእሱ 120 ጊዜ ነው። ኮዴ "በየፍሬሙ አንድ አስረኛ ተጠጋ" ስለሚል እሱ ጋ እጥፍ ጊዜ ይጠጋል። ሒሳቡን ስሠራው በአንድ አስረኛ ሰከንድ ውስጥ የእኔው ክብ የርቀቱን 47 በመቶ ይሸፍናል፣ የእሱ 72 በመቶ። ስንት ሰዓት ሙሉ የፈለግኋት ስሜት እዚያ ማሽን ላይ የለችም። ፒ5 ካላዘዙት በስተቀር 60 ላይ ስለሚይዘው እስከዚያ ልብ አላልኩትም ነበር። መፍትሔው ፍሬም መቁጠሩን ትቶ፣ ካለፈው ፍሬም ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ለክቶ በእሱ ማስላት ነው። እባካችሁ ከመጀመሪያው እንደዚያ ጻፉት።

ወደ አዲሶቹ ልምጣ። ሰሞኑን ልቤን የወሰደው በእጅ እንቅስቃሴ የሚታዘዝ ሥራ ነው። ኪኔክት የተባለው እንቅስቃሴ የሚያነብ የማይክሮሶፍት ካሜራ በ2010 ሲወጣ ለዚህ ራሱን የቻለ ካሜራ ያስፈልግ ነበር። አሁን ሚዲያፓይፕ የተባለው የጉግል መሣሪያ ብራውዘር ውስጥ በተራ የላፕቶፕ ካሜራ እጃችሁን አይቶ 21 ነጥቦች ይሰጣችኋል፤ አንጓውን፣ መገጣጠሚያዎቹን፣ የጣት ጫፎቹን። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጣቴን ቀጥ አድርጌ ይዤው እንኳ ነጥቡ ይንቀጠቀጣል። ካሜራው ጥቂት ብርሃን ሲያጣ ደግሞ ይብስበታል።

ያን ጊዜ ሁሉም ሰው የሚያስበውን አሰብኩ፣ ያለፉትን አሥር ቦታዎች አማካይ መውሰድ። መንቀጥቀጡ ጠፋ፣ በምትኩ መዘግየት መጣ። እጄ ሄዷል፣ ነጥቡ ገና ይመጣል። አዝራር ተጭኖ ምላሹ በአንድ አስረኛ ሰከንድ ውስጥ ከመጣ ሰው "ወዲያው" ይለዋል፣ ይህ የቆየ ልኬት ነው። እጅን የሚከተል ነገር ላይ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ መዘግየት እንኳ ይታወቃል፣ ምክንያቱም ዓይን ሁለቱን ጎን ለጎን ያያቸዋል።

ያዳነኝ ዋን ዩሮ ፊልተር የሚባል ነገር ነው። ጌሪ ካዚዬ፣ ኒኮላ ሩሰል እና ዳንኤል ቮግል በ2012 ያቀረቡት ነው፣ ኮዱ ገጽ አይሞላም። ሐሳቡ በጣም ደስ ይለኛል። ሰው እጁን ቀስ ሲያደርግ መንቀጥቀጡ ያስቸግረዋል፣ መዘግየቱ ግን አይታየውም። ሲፈጥን ደግሞ መዘግየቱ ያናድደዋል፣ መንቀጥቀጡ አይታየውም። እንግዲያው እጁ ቀስ ሲል አጥብቆ ማለስለስ፣ ሲፈጥን መልቀቅ ነው። ሁለት ቁጥሮች አሉት። መጀመሪያ ሁለተኛውን ዜሮ ታደርጉና እጃችሁን ዝም አሰኝታችሁ፣ ነጥቡ ጸጥ እስኪል ድረስ የመጀመሪያውን ትቀንሳላችሁ። ከዚያ እጃችሁን በፍጥነት እያወዛወዛችሁ፣ ነጥቡ እስኪደርስባችሁ ድረስ ሁለተኛውን ትጨምራላችሁ። ሒሳቡ የተሠራው ሰው ምን ልብ እንደሚልና ምን እንደሚያልፍ ታይቶ ነው። ለእኔ የኢንተራክሽን ዲዛይን ማለት ይሄ ነው።

ዌብጂፒዩም አለ፣ ብራውዘር ግራፊክስ ካርዱን ለስሌት እንዲጠቀም የሚያደርግ ነገር። በ2023 ክሮም ላይ፣ በ2025 ደግሞ ሳፋሪ ላይ ገባ። ድሮ ብራውዘር ውስጥ ጥቂት ሺህ ነጥቦችን ሳንቀሳቅስ የሚንተፋተፈው ማሽን፣ አሁን ስሌቱን ግራፊክስ ካርዱ ስለሚሠራው መቶ ሺዎችን ያለ ችግር ያንቀሳቅሳል። ደስ ይላል። ግን ብዛት ብቻውን ስሜት አይሆንም፤ ሚሊዮን ነጥብ ተራ ሆኖ አይቻለሁ።

ከዚያ ይልቅ ስትሩደልን ሞክሩት። በ2022 አሌክስ ማክሊን እና ፌሊክስ ሩስ የጀመሩት፣ ብራውዘር ውስጥ በኮድ ሙዚቃ መሥሪያ ነው። ሙዚቃው እየተጫወተ ኮዱን ትቀይራላችሁ፣ ምቱ ሳይቋረጥ ድምፁ ይቀየራል። ኦሊቪያ ጃክ የሠራችው ሃይድራ በምስል ይህንኑ ያደርጋል። "አስቁም፣ ቀይር፣ እንደገና አስጀምር" የሚባል ነገር የለም። አንዴ ይህን የለመደ ሰው ወደ ድሮው መመለስ ይከብደዋል።

ኤአይስ? ይኸውላችሁ የእኔ ልምድ። "ማውስ የሚከተል ክብ ሥራልኝ" ስለው በሰከንዶች ውስጥ ሠራልኝ፣ ቁጥሩም 0.1 ነበር። ለሁሉም ሰው ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው የሚሰጠው መሰለኝ። ጥፋት አይደለም፣ ጥሩ መነሻ ናት፣ ነገር ግን ብዙ ሰው እዚያው ይቆምና የሁሉም ሥራ እንቅስቃሴ አንድ ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። አሁን የምለው "ክቡን ተወውና በዚህ ኮድ ውስጥ ላሉት ቁጥሮች ሁሉ እየጎተትኩ የምቀይርበት ስላይደር ሥራልኝ" ነው። ያ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ስለነበር ብዙ ጊዜ እተወው ነበር። አሁን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኤአይ ከሰጠኝ ነገር ሁሉ የምወደው ይህን ነው፣ ምክንያቱም መፈለጉን አልወሰደብኝም፣ የመፈለጊያውን መንገድ ነው ያሳጠረልኝ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ስክሪን ላይ ብዙ ነገር ሲንቀሳቀስ የሚያዞራቸው፣ የሚያቅለሸልሻቸውም ሰዎች አሉ። ስልክና ኮምፒውተር ላይ "እንቅስቃሴ ቀንስ" የሚል ማስተካከያ አለ፤ ዌብሳይታችሁም ሰውየው ያንን መምረጡን ማወቅ ይችላል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። እዩት።

የእጁን ሥራ ስጨርስ ሁለቱን ቁጥሮች ቆልፌ ስላይደሮቹን አጠፋኋቸው። ነጥቡ ከጣቴ ጋር የተሰፋ ይመስል ነበር። ከዚያ እናቴ መጣችና "እስቲ እኔም" ብላ እጇን ካሜራው ፊት ዘረጋች። እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ነጥቡም አብሯት ተንቀጠቀጠ፣ አንዷን ክብ ለመንካት ሦስት አራት ጊዜ ሞክራ አልሆነላትም፣ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ለካ ስንት ቀን የለካሁት የራሴን እጅ ብቻ ነው። ስላይደሮቹን መለስኳቸውና ማውሱን ሰጠኋት። በግራ እጇ እየጎተተች ቀኟን ታያለች፣ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ። እኔ በፍጹም የማልመርጠው ቦታ ላይ አቆመችው።

"አሁን እሺ አለኝ" አለች።