አንካራ ላይ ወያላ ያደረገኝ ቱርክኛ

በቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሚመጣ ተማሪ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም መጀመሪያ አንድ ዓመት ቱርክኛ ይማራል። እኔም ተነጫነጭኩ እንጂ አልቀረልኝም። ጥቅሙ የገባኝ ከክፍል ስወጣ ነው። ፋርማሲው፣ ፀጉር ቆራጩ፣ የሰፈሩ ቲማቲም ሻጭ፣ ሁሉም በቱርክኛ ነው። ለእኛ ደግሞ አንድ ነገር ይቀላል፦ ግሱ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የሚያደክመው ቃሉ ላይ እንደ ባቡር ፉርጎ የሚቀጣጠለው ቅጥያ ነው።

ቋንቋውን መቻል ሥራም እንደሚያስቀጥር ግን ማንም አልነገረኝም።

አንድ ቀን አንካራ መሃል፣ ኪዚላይ፣ ጉቬንፓርክ ከሚባለው ቦታ ዶልሙሽ ያዝኩ። ዶልሙሽ የእኛው ሚኒባስ ታክሲ በሉት፤ ወያላ ግን የለውም። ሹፌሩ ራሱ እየነዳ ሒሳብ ይቀበላል፣ መልስ ይቆጥራል፣ በስልክ ይጨቃጨቃል። ከኋላ ያለው ሰው ገንዘቡን ለፊተኛው ያቀብላል፤ እየተቀባበለ ሹፌሩ ጋ ይደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ይሄ መተማመን ሁሌም ይገርመኛል።

ታዲያ ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጠ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ወያላ ነው። ነባሮቹ ያውቁታል፤ ያን ወንበር ዘለው ያልፋሉ። እኔ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

«ሁለት ሙሉ፣ አንድ ተማሪ!» የሚል ድምፅ መጣና 200 ሊራ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ሁለት ሰው በሙሉ ሒሳብ፣ አንዱ በተማሪ ቅናሽ ማለት ነው። አቀበልኩ። «አንድ ሙሉ!» አቀበልኩ። «ሁለት ተማሪ!» አቀበልኩ። መብራት ሲይዘን ሹፌሩ መልሱን ሁሉ ባንዴ እጄ ላይ ከመረው።

«አቢ (ወንድምዬ እንደማለት ነው)፣ ይሄ የማን የማን ነው?» አልኩት፣ ጥርት ባለ ቱርክኛ።

በቃ፣ ታወቀብኝ። ዞር ብሎም አላየኝ። «አንተው ስጣቸው» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

አከፋፈልኩ። ወዲያው ከኋላ አንዲት ጠና ያሉ ሴት መልሴ ጎደለ አሉ። የተረፈለት ሰው ደግሞ መቼም አይናገርም። ተነሥቼ፣ ጣሪያው ጎንበስ አድርጎኝ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ቱርክኛዬን አወጣሁ። «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ 200 ሊራ የሰጠው የትኛችሁ ነበር?» ታክሲው በሳቅ አውካካ። ከመጽሐፍ ውጭ እንዲህ የሚያወራ ሰው አያውቁም መሰለኝ።

ሴትዮዋ ሒሳቡን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «ከየት ነህ ልጄ?» ኢትዮጵያ ስላቸው «ሐበሺስታን! የቢላል አገር!» ብለው ለተሳፋሪው በሙሉ አወጁ። ከዚያ ጥያቄው ወረደ። አግብተሃል? እናትህ ደህና ናት? ብርዱን እንዴት ቻልከው? እኔ ሊራውን ልቁጠር ወይስ ስለ እናቴ ልመልስ? ለሁለቱም ቱርክኛ ነበረኝ፣ እጅ ነው ያጠረኝ። ኋላ ላይ የጠፋው መልስ ተገኘ፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ የሰካ አንድ ጎረምሳ ሳያየው ጨብጦት ተቀምጧል።

በዚህ መሃል የእኔ ፌርማታ አልፏል። የኋላው ሰው ድምፁ ለሹፌሩ ስለማይሰማ «ወራጅ አለ!» እያልኩ አገር ምድሩን ሳወርድ፣ ለራሴ የሚልልኝ ጠፋ።

መጨረሻ ላይ ሹፌሩና እኔ ብቻ ቀረን። ሻይ ጋበዘኝ፤ ያውም ደግሜ። «ተመላሽ ነህ አይደል? እዚያችው ቦታህ ላይ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ሰው ሞላ፣ ሊራው ትከሻዬን ይነካካ ጀመር። በዚህኛው ዙር አንድም ሰው መልሴ ጎደለ አላለም፤ ይመዝገብልኝ።

ሰፈሬ ስደርስ ለደርሶ መልሱ የተማሪ ሒሳብ ሰጠሁት። ገንዘቡን አየ፣ እኔን አየ።

«ይሄን ሁሉ ቱርክኛ ይዘህ ደግሞ ምን ቀረህ የምትማረው?» አለኝ። «ሙሉ ክፈል!»